እጄ የታለ?

ስልኩ የተደወለው በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወር ገደማ ቢሆነው ነው። ደዋዩ ወርቅ አንጥረኛ ናቸው። ፒያሳ ወርቅ ቤቶች መስታወት ውስጥ የምታዩት ቀለበትና ሀብል ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ከኋላ፣ ከጓሮ፣ ሦስት በሁለት የሆነች ክፍል ውስጥ አቀርቅሮ የሚሠራው ሰው አለ። እሳቸው ከነዚያ አንዱ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል።

«ልጄ፣ ያኔ መጥተህ ያነሳኸኝ ፎቶ አለ አይደል? ላክልኝ እስቲ።»

ደስ አለኝ። ሰው ፎቶህን ሲጠይቅህ መቼም ትንሽ መኮፈስ አይቀርም። ምርጧን መረጥኩ። ፌስቡክ ላይ ብዙ ሰው የወደደልኝን፣ አንድ ኤግዚቢሽን ላይም ተሰቅላ የነበረችውን። ክፍሉ ድቅድቅ ያለ፤ ከመስኮቷ የገባ አንድ ዘለላ ብርሃን፤ ጭስ፤ የማቅለጫው ፍም፤ ከፍሙ በላይ ግማሽ ፊት። ከሥሯ «ትጋት» ብዬ ጽፌባት ነበር። (እባካችሁ አትሳቁ።)

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልሰው ደወሉ።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ።»

«እኔ? ታዲያ እጄ የታለ?»

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ጋሼ ከከተማው ዳር ሌላ ክፍል ተከራይተው ዕቃቸውን ሊሰቅሉ ነው። በድሮዋ ክፍል ግድግዳ ላይ የትኛው ሚስማር ላይ ምን እንደሚንጠለጠል ለሠላሳ ዓመት እጃቸው ነበር የሚያውቀው፤ ዓይናቸው ልብ ብሎት አያውቅም። በጥድፊያ ነቅለው፣ በጆንያ ጠቅልለው ወጡ። አሁን አዲሱ ግድግዳ ፊት ተቀምጠው እጃቸው ጉጠት ፍለጋ ሲዘረጋ ሞረድ ይዞ ይመለሳል። ያኔ ነው ፎቶው ትዝ ያላቸው። ትጋታቸውን ለማየት አልነበረም። ሚስማሮቻቸውን ለመቁጠር ነበር።

የዚያን ቀን ያነሳሁትን በሙሉ ከፍቼ አየሁ፤ 212 ፎቶ። በአንዱም ላይ ግድግዳው የለም። ጥቁር ነው። ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ባበራው ባበራው ያገኘሁት አሸዋ የመሰለ የቀለም ብናኝ ብቻ ነው። ክፍሏ ደግሞ ፈርሳለች፤ ተመልሼ ላነሳት አልችልም።

እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ከራሴ ጀምሬ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር የምጣላባት ናት። የምለው አጭር ነው። ካሜራ አንግቶ ሰው የሚሠራበት ክፍል የሚገባ ብርሃን ይዞ ይግባ። ካልያዘ ደጅ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን ይጠጣ።

በእኛ ሰፈር ፎቶ አንሺዎች ዘንድ አንድ ሃይማኖት አለ። ስሙ «የተፈጥሮ ብርሃን» ይባላል። «እኔ በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ነው የምሠራው» የሚል ሰው ድምፁን ሰምታችሁታል? ሁዳዴን በሙሉ የጾመ ሰው ድምፅ ነው። ፍላሽ ሲባል በጾም ጥብስ ያቀረብክለት ይመስል ፊቱን ያዞራል። ፍላሽ ለሠርግ ነው፤ ፍላሽ ለልደት ነው፤ ፍላሽ የፋራ ነው። እኔም የዚህ ሃይማኖት ዲያቆን ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው ግን ግማሹ እምነት ነው፣ ግማሹ ፍላሽ አለመቻል ነው።

እምነቱ እንዲህ ይላል፦ «ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ስለዚህ እውነቱ ጨለማ ነው፤ ብርሃን ከጨመርክ ዋሸህ።» ሲሰሙት ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ሰውየው በጨለማ ነው እንዴ የሚሠራው? ጋሼ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰች የወርቅ ፈርጥ የሚበይዱት በዳበሳ ነው? ዓይናቸው ከክፍሏ ጋር ለምዷል፤ አምፖሏን በገመድ ስበው አፍንጫቸው ሥር አውርደዋታል፤ በዚያ ላይ ማጉያ መነጽር ያደርጋሉ። እሳቸው የሞረዱን ጥርስ አንድ በአንድ ያያሉ። የማያየው ካሜራው ነው። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ፍሙንም ጥግ ያለውንም ጥላ ማየት ይችላል፤ ካሜራ ግን አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ይጥላል። ስለዚህ ያ ጨለማ የክፍሏ እውነት አይደለም። የዕቃችን ድክመት ነው። እኛ ደግሞ የዕቃችንን ድክመት ወስደን የሰውየው ኑሮ ነው ብለን ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀልነው።

ጥቁር ቆዳ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የኅትመት ቀለም የሚያስተካክሉበት የኮዳክ ካርድ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ካርዱ ዛሬ ታሪክ ሆኗል፤ ጠባዩ ግን በእኛ እጅ ውስጥ ቀርቷል። ብርሃን ባነሰበት ክፍል ቀድሞ የሚጠፋው የጠይም ሰው ፊት ነው። የጠፋውን ፊት «ምስጢራዊ» ብለን ሰየምነው።

ይህን ሁሉ የምናደርገው ደግሞ የት ነው? አራዳ! ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው መብራት በርቶለት ፎቶ መነሳት ከለመደባቸው ሰፈሮች በፊተኛው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ነገሥታቱን አንስተዋል። ከቤተ መንግሥት የጀመረው ነገር ቀስ እያለ ወደ ሕዝቡ ወረደና ፒያሳ የፎቶ ቤት አገር ሆነ። ገጠር ለሚላክ ደብዳቤ፣ ለመታወቂያ፣ ለምረቃ፣ ለእጮኛ፤ ሁሉም ፀጉሩን አበጥሮ ገባ። ፎቶ ቤቱ ታዲያ ማንንም አላበላለጠም። ጀኔራሉም፣ ገረዷም፣ ሊስትሮውም ያው ሁለት መብራት ይበራላቸዋል። «ቀና በል፤ አገጭህን ዝቅ፤ እንዳትተነፍስ!» ያ ሰውዬ የሥነ ጥበብ ትምህርት አልተማረም ይሆናል፤ ደንበኛው ፊቱ እንዲታይለት ገንዘብ እንደከፈለ ግን ያውቃል።

የኛን ቤት አልበም ውሰዱ። አጎቴ አራዳ ውስጥ ልብስ ሲሰፋ ሃያ አምስት ዓመት ኖሯል። አሥራ አራት ፎቶ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሁሉም ላይ ሱፍ ለብሷል፤ አንዱ ላይ ስልክ ይዟል፤ የፎቶ ቤቱ ስልክ ነው፣ ገመድ የለውም። ስንጀሩ ፊት የተቀመጠበት አንድም የለም። ለፊቱ ሁለት መብራት የበራለት ሰው ለሥራው አንድ ሻማ አልበራለትም። ዛሬ እኛ፣ የልጅ ልጆቹ፣ በመጨረሻ ወደ ሥራ ቦታው ካሜራ ይዘን መጣን፤ መጥተንም ያደረግነው ነገር ፊቱንም ጨምረን ማጥፋት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ወርቅ የሚያነጥር፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ምን ሲባል እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ቡዳ። ሰው በዓይኑ የሚበላ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ ከእሳት ጋር የሚያወራ። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» መጥቶ ስድብ ሆኖ ያረፈበት አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አራዳ አጠገብ ደግሞ የእጅ ሙያተኞቹ የሰፈሩበት ቦታ ሠራተኛ ሰፈር ተብሎ ተጠራ፤ በዚያን ጊዜ «ሠራተኛ» ማለት የእጅ ጥበብ ያለው ሰው ማለት ነበር።

እስቲ አሁን የኔን «ትጋት» መልሳችሁ አስቧት። ጨለማ። ጭስ። ከታች ፍም። ከፍሙ በላይ የሚያበራ አንድ ዓይን። ሌላው አካል የለም። ይህን ሥዕል ማን ነው መጀመሪያ የሣለው? እኔ አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ ሲነገረኝ የነበረው የቡዳ ተረት ነው፤ እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር በሃያ አራት ሜጋፒክሰል ማተም ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ስለ ሙያተኛ ክብር የምለፈልፈው እኔ! ጋሼ «ይሄ ማነው?» ሲሉ አልተሳሳቱም።

«በቃ ፍላሽ ያዙ» ብል ደግሞ ቀልዱ በኔ ላይ ይሆናል። ፍላሽም የራሱ ኃጢአት አለበት። ጃኮብ ሪስ የሚባል ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ከ1887 ገደማ ጀምሮ ኒውዮርክ ውስጥ የድሆች ክፍሎች በሌሊት እየገባ የፍላሽ ዱቄት እያቀጣጠለ ያነሳ ነበር። አንድ ጊዜ ዓይነ ስውራን የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀትና ጨርቅ በእሱ ፍላሽ ምክንያት ተያይዟል። ሥራው ከተማዋን እንደቀየረ አልክድም፤ ፎቶዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊት ግን ሌባ የገባባቸው ሰዎች ፊት ነው። ከሱ በኋላ የመጣው ሉዊስ ሃይን ከ1908 ጀምሮ በየፋብሪካው የሚሠሩ ሕፃናትን ሲያነሳ ያንኑ ዱቄት ተጠቅሟል። ልዩነቱ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን መጠየቁ ነው፤ ቁመታቸውን እንኳ ማንም ሳያውቅበት ከሰደርያው ቁልፎች ጋር እያስተያየ ይመዘግብ ነበር። ዱቄቱ አንድ ነው፤ አገባቡ ግን አንድ አይደለም።

«ኧርቪንግ ፔንስ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ አንድ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 ፓሪስ፣ ለንደንና ኒውዮርክ ውስጥ ባለሙያዎችን በመስኮት ብርሃን ብቻ አነሳ። ልክ ነው። ግን ሰዎቹን ከነመሣሪያቸው ወደ ስቱዲዮ ጠርቶ፣ ትልቅ ብርሃን ፊት አቁሞ ነው። የአሳ ሻጩን ሽርጥ እጥፋት ትቆጥራለህ። የተፈጥሮ ብርሃን ማለት እሱ ከሆነ እኔም እመለሳለሁ። የኛ ግን የተፈጥሮ ብርሃን ሳይሆን የተፈጥሮ ስንፍና ነው።

ደግሞም ምሳሌ የሚሆነን አጥተን አይደለም። አዲስ ፎቶ ፌስት እ.ኤ.አ. በ2010 በአይዳ ሙሉነህ ከተጀመረ ወዲህ ስንት ሥራ አይተናል! የአይዳ የራሷ ሥራዎች ብርሃኑም ቀለሙም ታስቦበት የተቀናበረ ነው፤ «ፍላሽ ለሠርግ ነው» ያላት ሰው እንዳለ አልሰማሁም።

ወደ ጓዳችን እንመለስ። የፒያሳ ጓዳ ለፍላሽ የሚመች አይደለም፤ ስለዚህም ነው ብዙዎቻችን አንድ ቀን ሞክረን የተውነው። ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክተህ ፊት ለፊት ብታበራው መታወቂያ ታወጣለህ፦ ግንባሩ የነጣ፣ ከኋላው ጥቁር ጥላ የለጠፈ ሰው። መጽሐፉ እንደሚለው ጣሪያ ላይ አንጥረህ እንዳትመልሰው የኛ ጣሪያ ነጭ አይደለም። ጥላሸት የጠጣ ኮርኒስ ነው ወይም የዛገ ቆርቆሮ፤ ብርሃንህን ይውጠዋል፤ የተረፈውንም ቡናማ አድርጎ ይመልስልሃል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ፍላሹን ከካሜራው ንቀለው። በትሪገር ከሩቅ የሚታዘዝ አንድ ትንሽ ፍላሽ ይበቃል። ፊት ለፊቱ ነጠላ ወጥር። አዎ፣ ነጠላ! የእናቴን ወስጄ የተሰደብኩበት ነው፤ ከማንኛውም የፎቶ ጃንጥላ ይበልጣል፤ ብርሃኑን ሰፊና ለስላሳ ያደርገዋል። ወርቅ ደግሞ መስተዋት ነው፤ ያሳየኸውን ይመልሳል። ራቁቱን ፍላሽ ካሳየኸው አንዲት የነጣች ነጥብ ይሰጥሃል፤ ሰፊ ነጠላ ካሳየኸው ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ ይሆናል።

ከዚያ ርቀቱ አለ። የብርሃን ሕግ ጨካኝ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ፍላሹን ከእጃቸው አንድ ሜትር፣ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ላይ ብታስቀምጥ ግድግዳው የእጃቸውን ሩብ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የኔ ሚስማሮች በዚያም ቢሆን ይደበዝዙ ነበር። ራቅና ከፍ አድርገው፤ ልዩነቱ ይጠባል። ጭሱና ፍሙ ይጠፋብኛል ብለህ ደግሞ አትፍራ። ካሜራህን በ1/15 ሰከንድ ክፈተው። ፍላሹ ከሺህ አንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ መዶሻውን ያቆመዋል፤ በቀረው ጊዜ ፍሙ ራሱን ይጽፋል። የምትወደው ድባብም አለ፣ እጁም አለ፣ ሚስማሩም አለ። ሁሉም እያለ ነው እኮ ጨለማውን የመረጥነው።

«ውድ ነው» ለምትሉኝ፦ እውነት ነው። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ውድ ነው፤ የኔም የውሰት ነው። ግን አንድ ፍላሽ ለአምስት ጓደኛ ይበቃል፤ ሁላችንም በአንድ ቀን አንጥረኛ ቤት አንገባም። እሱም ከጠፋ የጓደኛህ ስልክ መብራትና ያቺው ነጠላ አሉ። በባትሪ የሚሠራ ነገር ደግሞ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም፤ ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

«ሰው ይደነግጣል፣ ጥበቃ ይመጣል» ለምትሉኝ ግን ቆም ብዬ ልመልስ፤ ይህኛው ተቃውሞ ክብደት አለው። መቆሚያና ጃንጥላ ተሸክመህ ፒያሳ ብትሄድ «ፈቃድ አለህ?» የሚልህ ሰው ሦስት ጊዜ ያገኝሃል፤ በስልክ ደብቀህ ብታነሳ ማንም አይጠይቅህም። እኔ ደግሞ የምወድለት ይህንኑ ነው። ፍላሽ ተደብቆ አይገባም። ማንነትህን ሳትናገር፣ ቡና ሳትጠጣ፣ «እዚህ ጋ ባቆመው ያስቸግርዎታል?» ሳትል መቆሚያ መትከል አይቻልም። አንጥረኛ ቤት ከሆነ ደግሞ መጠየቅ ከጨዋነት ያለፈ ነው። ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የቀለጠ ወርቅ ይዞ የተቀመጠ ሰው ፊት ሳትናገር ብልጭ ብታደርግ ሪስን ሆንክ ማለት ነው።

ድንገት አንስቶ የመሄድ ልማዳችን ያመጣብንን ዕዳ ዛሬ መቁጠር ጀምረናል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ሁላችንም ካሜራ ይዘን ሮጥን። የተገመሰ ግድግዳ፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሶፋ፣ በአቧራ ውስጥ የፀሐይ ጨረር፤ የተፈጥሮ ብርሃን በሽበሽ ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ግን ያ ሁሉ ጓዳ በሩ ክፍት ነበር። ሰዓት ጠጋኙ፣ ጫማ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ አንጥረኛው። ገብተን ነበር እኮ! አንስተናል! እስቲ ሃርድ ዲስካችሁን ክፈቱና ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ አንድ ሰው ተመልሶ ጠረጴዛውን እንደነበረ ሊሠራበት የሚችል ስንት እንዳላችሁ ቁጠሩ። የኔን ነግሬያችኋለሁ፤ ከ212 ዜሮ።

በ2017 ዓ.ም. ጋሼን አዲሱ ክፍላቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። የውሰት ፍላሽ፣ አንድ መቆሚያ፣ የእናቴ ነጠላ። ነጠላውን ሲያዩ «ምነው፣ ለቅሶ ልትደርስ ነው?» አሉኝ። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ፤ ሌላውን ከበሩ ጋር አሰርኩት። አንድ ሁለቴ በባዶው ብልጭ አድርጌ አሳየኋቸው።

«እሺ፤ ወርቅ ሳፈስ ግን እንዳትሞክራት።»

«እሺ ጋሼ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። ካነሳኋቸው አንዱን ካሜራው ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እጃቸውን አላዩም፤ ፊታቸውንም አላዩም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። ጉጠት፣ መዶሻ፣ መቀስ፣ ሞረድ። ሞረዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብለው ግድግዳውን፣ መልሰው ስክሪኑን አዩ።

«ይቺ እዚህ አልነበረችም።»

ተነሡና ሞረዷን ከሚስማሯ አውርደው ሁለት ሚስማር ወደ ግራ ሰቀሏት። ተመልሰው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ሳያዩ ዘረጉና ነኳት።

«በል፣ እንደገና አንሳ።»